መዳፍሽን ዘርጊ

«ይሄን አላነብም፣ ቲቸር» አለች ሚስጥር፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ።

ዘርፈሽዋል ቀና አለች። ከጠዋት ጀምራ ስታስተምር ውላ ጉሮሮዋ ደርቋል፣ እግሯ አብጧል፤ ነገ ደግሞ የወላጆች ቀን ነው። ቡታጅራ አማርኛ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን የሚነበበው የእሷው ግጥም ነው፤ ማሰሮ እየዞረች ስለምትሸጥ አንዲት ሴት። ጭብጨባው የትኛው መስመር ላይ እንደሚመጣ ሳይቀር ታውቀዋለች። ዘንድሮ እንድታነበው የመረጠችው ሚስጥርን ነው። ልጅቷ ድምጿ ያምራል፤ እናቷም ሸክላ ሠሪ ናት፣ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ትመጣለች። ዘርፈሽዋል ይህን በማሰቧ በራሷ ደስ ብሏት ነበር።

«ምን ነካሽ? ትናንት ስትለማመጂው አልነበር?»

«ትናንትም ከብዶኝ ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ ሲነጻጸር ባሰብኝ።»

ዛሬ ሁለት ግጥሞች ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ «ሴትየዋ እንዴት እንደተሣለችና ኅብረተሰቡ ለእሷ ያለውን አመለካከት አነጻጽሩ» ብላ ነበር። አንደኛው የራሷ ነው። ሁለተኛው የሚስጥር ነው፤ ስሟን ግን አልጻፈችበትም። ተማሪው ሁሉ አንድ አፍ ሆኖ መለሰ፦ በመጀመሪያው አክብሮትና ፍቅር አለ፣ ሁለተኛው እሮሮ ነው። እሷም «ጎበዞች» ብላ አለፈች። ዝም ያለችው ሚስጥር ብቻ ነበረች።

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?»

«ሁሉም ዞሮ እንዲያየኝ?» ልጅቷ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «እስቲ ይህችን ያንብቧት።»

ዘርፈሽዋል መነጽሯን ሳታደርግ በቃሏ አለችው፦

«ነይ የሸክላ እናት፣ ፀሐይ ሳይጠብስሽ፣
መዳፍሽን ዘርጊ፣ ውኃ ላፍስስልሽ።»

«እሺ፣ ምን አለበት? ሴትየዋ ጠምቷታል፣ ውኃ ሰጧት።»

«በምን ሰጧት?»

ዘርፈሽዋል ስንኙን መልሳ አየችው።

«መዳፏ ላይ ከላይ አፈሰሱላት፤ አፏ የቤቱን ዕቃ እንዳይነካ። እናቴ እኮ ገጠር ለገጠር ስትዞር ዛሬም እንደዚያ ነው የምትጠጣው። ነገ ፊቷ ቆሜ ይሄን እንደ ደግ ሥራ ላንብብላት?»

ዘርፈሽዋል መስቃን ያለውን የእናቷን ቤት አሰበች። ማሰሮ ሻጮቹ ደጅ ይቆማሉ፣ እናቷ በጣሳ ውኃ ይዘው ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ይገጥማሉ። ጎረቤቶቹ ይህንንም አያደርጉም ነበር፤ እናቷ በደግነታቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። ያን ደግነት ነው በግጥም ያወደሰችው። ያን ሁሉ ዓመት ጭብጨባው የሚመጣው እዚያች መስመር ላይ ነው። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ደከማት።

የሁለተኛውን ግጥም ወረቀት ሳበች።

«ማሰሮው ጓዳ ገባ፣ ከቤት ሰው ተቆጥሮ፣
እናቴ ደጅ ቀረች፣ ዛሬም እንደ ድሮ።»

በዚህ መሐል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጌታቸው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። «ዘርፌ፣ ፕሮግራሙን ልለጥፍ ነው። ግጥሙ ያው ነው አይደል?»

ነገሩን ነገረችው። ጌታቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭቅጭቅ ብቻ አይወድም። የልጅቷን ወረቀት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነች። ግን ይሄ ነገ እንግዳ ፊት ቢነበብ ሰው ይቀየማል። ለምን ይሄን ሁሉ እናካብዳለን? ከራስሽ ግጥም አንዷን ስንኝ ለውጪያት። ‹ነይ ወደ ቤት ግቢ፣ ብርጭቆ ልስጥሽ› በይ። ቤትም ይመታል፣ ማንም አያውቅብሽም።»

እውነቱን ነው፣ ቤት ይመታል። እስክሪብቶዋን አነሳች። ለደከመ ሰው ጥሩ መላ ነበር፤ ጽፋ ወደ ቤቷ መሄድ ትችላለች። ሚስጥር የመምህሯን እጅ ታያለች።

ዘርፈሽዋል እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«እናቴ ቤት ማሰሮ ሻጮቹ ብርጭቆ ተሰጥቷቸው አያውቅም፣ ጌታቸው። ሰጠናቸው ብዬ አልጽፍም።»

«እንግዲያው ይቅራ። ዘንድሮ ያለ ግጥም እንለፈው።»

«አይቀርም። ሁለቱም እንዳሉ ይነበቡ።»

ጌታቸው «ኧረ ተይ፣ ባንቺው ላይ ነው የሚዞረው» አለ። ፕሮግራሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ወጣ።

ሚስጥር አሁንም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «የኔን ሳነብ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል» አለች ቀስ ብላ።

«ያውቃል። ካልፈለግሽ አላስገድድሽም።»

ልጅቷ የራሷን ግጥም ከጠረጴዛው አነሳች። «የእርስዎን ግን እኔ አላነብም።»

«የኔን እኔው ራሴ አነባለሁ» አለች ዘርፈሽዋል፣ ፕሮግራሙን ወደ ራሷ እየሳበች። «እናትሽ እየሰሙ። አንቺ ከዚያ በኋላ የራስሽን ይዘሽ መድረክ ላይ ትወጫለሽ።»