ሦስት ወር ያለ ጨው ሻይ

የአባቴን ኩላሊቶች የገደላቸው ሻይ ነው። ሐኪም ቢሰማኝ ያርመኛል፤ የገደላቸው ለዘጠኝ ዓመት በወጉ ያልታከመ የደም ግፊት ነው ይለኛል። እውነቱን ነው። ግፊቱ አልወርድ ያለው ግን በሻዩ ነው፤ ሻዩን ስቀዳለት የኖርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

አባቴ አብዱል ገኒ በስሪናጋር አሮጌው ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከንጋት ጸሎት በፊት ምድጃው አፍ ላይ ተቀምጦ ይጋግራል፣ ሰው ተሰልፎ ትኩስ ትኩሱን ይወስዳል፣ ሻይ ከጎኑ አይጠፋም። ሲያልበው ይጠጣል። ቤት ሲገባ ይጠጣል። ሰው ሲመጣ ይጠጣል። በቀን አሥር ስኒ ቢያልፍ እንጂ አይጎድልም። ሻያችን ሮዝ ነው፤ ቅጠሉ ከሶዳ ጋር እስኪቀላ ድረስ ይፈላል፣ ወተት ይገባበታል፣ ከዚያ ጨው። ስኳር ያለውን የምናፈላው ከተራራችን በታች ካለው ከሜዳው አገር እንግዳ ሲመጣብን ነው።

ግፊት እንዳለበት የነገረው ሐኪም ራሱ ከሜዳው አገር፣ ያውም ከደቡቡ ጫፍ የመጣ ትሑት ሰው ነበር። ቋንቋችንን ስለማያውቅ እኔ አስተረጎምኩ።

"ወጥ ውስጥ ጨው ይቀንሱ። ጭራሽ ቢተዉት ደግሞ ይሻላል" አለ።

"ይተዋል" አልኩ።

"ሻይ ይጠጣሉ?"

"ይጠጣል።"

"ስኳር ስንት ማንኪያ?"

"ምንም።"

"ጎበዝ! እንዲህ ያለ በሽተኛ ነው የምወደው" አለና የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

አባቴ እስከ ቤት ድረስ በዚህ ሲስቅ ሄደ። "ሰማሽ? ጎበዝ ብሎኛል። እናትሽ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በጉንም ጎመኑንም ያለ ጨው ትሠራ ጀመር። አባቴ ፊቱን እያጨማደደ በላ፣ እኛም አብረነው በላን፤ ከዚያ አፋችን ጣዕም እንዲያገኝ ሻይ ጠጣን። ማንም ማንንም አላታለለም። ለእኛ ጨው ማለት ድስት ውስጥ የሚገባው ነበር። ስኒ ውስጥ ያለው ሻይ ነው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ምን እንደሚሆን ተፈትኜበት ጥሩ ነጥብ አግኝቻለሁ። ክኒኑንም ቢሆን አባቴ ራስ ምታቱ ሲተወው ተወው። "ለማያመኝ ነገር ምን ልዋጥ?" አለ። ትክክል መሰለን።

ባለፈው ዓመት እግሩ አበጠ፣ ምግብ አስጠላው፣ ሁለት ጊዜ ደም ተሰጠው። ኩላሊቶቹ ከመቶ ስድስት እጅ ብቻ ይሠራሉ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ይተኛል፤ ማሽኑ ደሙን ያጥብለታል። ከእጥበት ሲመለስ እስከ ማታ ይተኛል፤ በማግስቱ ትንሽ ያወራል፤ ከዚያ ደግሞ መሄጃው ይደርሳል።

ንቅለ ተከላ ይቻላል አሉን፣ ሰጪ ከተገኘ። እኔ እሰጣለሁ አልኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ደማችን ሲገናኝ የእሱ የእኔን አጠቃው፤ ከተሰጠው ደም የመጣ ነው፣ የአንቺ አይሆንም አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ "ገና አሁን ነው ያወቁት? እኔና እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ እንደተጣላን ነን" አለ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሌላ ልጅ የላቸውም።

እናቴ ዙና ቀረች። ማንም ሳይጠይቃት፣ "የእኔን ውሰዱ" አለች፤ ጎረቤት ድስት ሊዋስ ሲመጣ በምትናገርበት ድምፅ።

የእሷ ደም ከእሱ ጋር አልተጣላም። እሷን ያየቻት ዶክተር የከተማችን ልጅ ናት፤ ምን እንደምንጠጣ ታውቃለች። ነርሷ ግፊቷን ለካች፣ ደግሞ በሌላው ክንዷ ለካች። መቶ ሰማንያ ሁለት በመቶ ስምንት።

"ምን ይሰማዎታል እናቴ?" አለች ዶክተሯ።

"ምንም።"

"ራስ ምታትስ?"

"ራስ ምታቴ ይቺ ናት" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ዶክተሯ የሽንት ምርመራውን ውጤት አነበበች። "ፕሮቲን አለ። በዚህ ግፊት ቢታይ አይደንቅም፤ ግፊቱ ሲወርድ ከጠፋ ጥሩ ነው፣ ካልጠፋ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ወር እሰጥዎታለሁ። ክኒኑን በየቀኑ ይዋጣሉ፤ ጨው ሻይ ግን የለም። ያኔ እናያለን። ቃል አልገባም።"

እናቴ ስለ ግፊቱ የተባለውን ሰማች። ስለ ፕሮቲኑ የተባለውን እኔ ሰማሁ፤ ደግሜ አልነገርኳትም።

በመጀመሪያው ሳምንት እጇን የምታደርግበት አጣች። ስኒ የለመደ እጅ ነው። ያለ ጨው አፈላሁላት፣ ሁለት ጊዜ ፉት ብላ አስቀመጠችው። ጎረቤታችን ፋዚ ዳቦዋን ይዛ እንደልማዷ ገባች፣ ከዚያው ቀዳሁላት። ቀመሰችና ወደ ስኒው ውስጥ አየች።

"ታቢንዳ፣ ይሄ ምንድን ነው? እግርሽን ታጥበሽበታል?"

"ጨው የለበትም እትዬ ፋዚ።"

"ምነው በታጠብሽበት! እግር እንኳ ላብ አለው፤ ላብ ጨው ጨው ይላል።"

እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። አልጠጣችም ግን።

ጠዋትና ማታ ለካኋት። ክኒኑን ከእጄ ተቀብላ፣ ዋጥ አድርጋ፣ አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ ታሳየኛለች፤ ልታናድደኝ ነው። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ የፋዚ አማት ሞቱና ለቅሶ ሄድን። ሻይ ያለበት ትልቁ ማንቆርቆሪያ፣ ሳሞቫሩ፣ ሲዞር እናቴ ስኒዋን በመዳፏ ከደነችው። ለቅሶ ቤት ሻይ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ሐኪም ከልክሎኝ ነው" አለች እናቴ።

"ባልሽንስ ሐኪም አልከለከለውም?" አለች ፋዚ፤ የሐዘኗን ቀን ተገን አድርጋ። "ስንት ዓመት አልጫ በላ። ከዚያስ?"

እናቴ መዳፏን ከስኒው ላይ አላነሣችም። ስንወጣ መንገድ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ዛሬ ጠዋት ስንት ሆንኩ አልሽኝ?"

"መቶ ሃምሳ ሁለት።"

"ትናንት መቶ ሃምሳ ስድስት ነበርኩ" አለች፤ እርምጃዋ ፈጠነ።

አባቴ መጀመሪያ እንደማይሰማ ሆኖ ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ጊዜ ግን እሱም ከተኛበት ይጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ደህና ውሎ፣ ትራስ ተደግፎ፣ "የታቢንዳ እናት፣ ያንቺ ኩላሊት ከገባልኝ እኔም እንዳንቺ መነጫነጭ እጀምራለሁ ማለት ነው?" አላት።

"ትጀምራለህ። በተለይ ጠዋት ጠዋት።"

"ዳቦ መጋገርስ? ምድጃው ጋ እመለሳለሁ?"

"እሱን ከኩላሊቱ ጋር ተነጋገር። ሥራ ይወዳል፤ እንደ ባለቤቱ ነው።"

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ ሆነች። የመለኪያውን ጨርቅ ከክንዷ ፈትቼ ቁጥሩን ስነግራት፣ ተነሥታ የጾም መፍቻ ቀን እንደደረሰላት ሰው ቤቱን ጠረገች።

ዶክተሯ ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆየች። "ግፊቱ በጣም ጥሩ ነው" አለች። "እንዲህ ያወረደልኝ ሰው ጥቂት ነው።"

"ታዲያ መቼ ነው?" አለች እናቴ።

"ፕሮቲኑ አልጠፋም እናቴ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። የደሙ ምርመራም ያንኑ ነው የሚለው። የእርስዎም ኩላሊት ተነክቷል። ገና ነው፣ ግን ተነክቷል። አንዱን ባወጣ የቀረው አይችልዎትም።"

"ሦስት ወር አልጠጣሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ለቅሶ ቤት እንኳ።"

"አውቃለሁ። ጉዳቱ የሦስት ወር አይደለም፣ የብዙ ዓመት ነው። ልፋትዎ ግን ከንቱ አልሆነም፤ ክኒኑን ካልተዉ፣ ጨዉ ካልተመለሰ፣ ያለዎት ኩላሊት ዕድሜዎን ሙሉ ሊያቆይዎ ይችላል። ለእርስዎ ጥሩ ጊዜ ነው የተደረሰበት።"

"ለእኔ ማን ጠየቀሽ?" አለች እናቴ። ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። በእርግጥ ማን እንደጠየቀ ማወቅ የፈለገች ይመስል ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተማሪዎቼን ፈተና ከቦርሳዬ አውጥቼ አረምኩ። አምስት ወረቀት አረምኩ፤ ሁለቱ ወድቀዋል። እናቴ በመስኮቱ ታይ ነበር፣ መስኮቱ ግን በጉም ተሸፍኖ ምንም አያሳይም።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጠዋት ከእጥበት ተመልሶ ጥጉ ላይ ተኝቷል። "ሲነቃ አንቺ ንገሪው" ብላኝ ወጥ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ ሲፈላ ሸተተኝ። ክኒኑንና ውኃውን ይዤ ተከተልኳት። አባቴ እንዳይነቃ ሁለታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

"የዛሬውን አልዋጥሽም።"

"አልዋጥኩም።"

"እማዬ፣ ዋጪ።"

"ለምን እንደምውጠው ታውቂ የለ? ነገሩ አለቀ።"

"ምኑ ነው ያለቀው? ዶክተሯ ስትናገር አልሰማሽም? ያንቺ ገና ነው። ይድናል።"

"ድኖ ለማን ይሆናል?"

"ለአንቺ ነዋ! ለማን ይሁን?"

በክፍሌ ውስጥ ሞኝ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አለ፤ እሱን እንደማየው ነው ያየችኝ። ወተቱን ጨመረች፣ አማሰለች። "እኔ ምን አደርግበታለሁ?" አለች።

"ባለፈው ዓመት የአባዬን እግር አይተሻል። ማሽኑንም አይተሻል። እንደሱ ትሆኛለሽ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት።"

"ከጎኑ ባዶ አልጋ አለ። አይቼዋለሁ።"

ውኃውን አስቀምጬ፣ እጄን ዘርግቼ የጨውን ጣሳ ከመደርደሪያው ላይ አነሣሁና ያዝኩት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ጨው እንዳትወስድ ጣሳ አቅፌ በወጥ ቤቱ በር ቆሜ ነበር።

እናቴ ጣሳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አልተናደደችም። የምድጃውን እሳት አጠፋች። "ፋዚ ዘንድ አለ" አለች።

"አሁን ሄደሽ ልትጠጪ?"

"እንግዲህ ምን ቀረኝ? ሦስት ወር አኩርፋኝ ነበር። ደስ ይላታል።"

"ነገ ጠዋት እለካሻለሁ።"

"ለኪ። ለመለካቱ ማን ከለከለሽ?"

በአጠገቤ አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች። ወፍራሙን የክረምት መደረቢያ፣ ፌረኗን፣ ከምስማሩ አውርዳ በራሷ ላይ አጠለቀችው፣ ሻሿን አስተካከለች። አባቴ ተንቀሳቅሶ አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ውጪ ሆኗል። ጎንበስ ብላ ሸፈነችለት። ቀና ብላ ፊቱን ትንሽ ጊዜ አየችው። ነገ ከመምህራን ስብሰባ በፊት ልነግረው ይገባል ብዬ አሰብኩ፤ ከየት እንደምጀምርለት አላውቅም። ክኒኑ በግራ እጄ ላብ መሟሟት ጀምሯል።

እናቴ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አደረገች። ወጣች። መቀርቀሪያው ድምፅ እንዳያሰማና እንዳይቀሰቅሰው፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።