ያልታመመው ጥርስ

ማማ ዶርሲላ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተንጋለው አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘጉ። ዶክተር ኦወር ጓንቱን አጥልቆ፣ ትንሿን መስታወት በአንድ እጁ፣ ቀጭኗን መንጠቆ በሌላው ይዞ ጠበቀ። መብራቱ የማማ ዶርሲላ አገጭ ላይ ቦግ ብሎ በርቷል።

«ማማ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

ከንፈራቸውን ይበልጥ ገጠሙ።

«ትንሽ ብቻ። ላየው ነው እኮ።»

«ባለፈውም ልየው ብለህ ነበር» አሉ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያላቅቁ።

ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ይዛ አጠገባቸው የቆመችው ረዳቷ ሮዝቤላ አንገቷን ደፋች። ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከሰዓቱ ሥር የታካሚ መብቶችን የሚዘረዝር አንድ ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል፤ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ማማ ዶርሲላ ምን እንደሚል አያውቁም፤ የጠየቁትም የለም።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያኔ የታመማቸው በግራ በኩል ከታች አንድ መንጋጋ ነበር። ከፊት ከታች ስድስት ጥርስ የላቸውም፤ በእሳቸው ዕድሜ እንዳለ የሉኦ ብሔረሰብ ሰው ሁሉ እንደ ወጉ በልጅነታቸው ተነቅለዋል። ስለዚህ የማማ ዶርሲላ አፍ ሥራው ሁሉ ያለው ከኋላ ነው። የቲላፒያ ዓሣ ጭንቅላት የሚሰባበረው፣ ጥብስ በቆሎ የሚቆረጠመው እዚያ ነው። ከዚያ ሠፈር አንድ ሰው ሲጎድል ይታወቃል።

ሐይቅ ዳር ባለችው ኪሱሙ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው አዶንጎ በስልክ «እማዬ፣ ዛሬ ዛሬ ይሞላል፤ አይነቀልም» ብላ አጽናናቻቸው። በቀጠሮው ቀን ግን ተማሪዎቿን የምትፈትንበት ሆነባትና ባሏን ኦዴሮን ከነመኪናው እሳቸው ወዳሉበት ሴሜ ድረስ ሰደደችው። ደግ ሰው ነው ኦዴሮ። ወደቡ ላይ የጭነት ማንሻ የሚነዳ፣ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ችግሩ አማች መሆኑ ነው።

በሉኦ አገር አማትና አማች ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይጎርስም። ማማ ዶርሲላ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ መንገዱን ሙሉ ለጎኑ መስኮት ሲናገሩ፣ ኦዴሮ ለፊቱ መስታወት ይመልስ ነበር።

«ዝናቡ ዘንድሮ ቸኮለ መሰለኝ» አሉ ለመስኮቱ።

«ቸኩሏል መሰለኝ» አለ ኦዴሮ ለመንገዱ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሁለት ገጽ ወረቀት አምጥታ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ማማ።» ምን እንደሆነ አላለችም። ማማ ዶርሲላ በጎልማሶች ትምህርት የለመዱትን ስማቸውን፣ ፊደል በፊደል፣ እስክሪብቶውን ጨብጠው መጻፍ ጀመሩ። የመጨረሻዋን ፊደል ሳይጨርሱ ወረቀቱ ተነሣ።

ከዚያ ወንበሩ። ከዚያ ዶክተሩ፣ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ሉኦኛ ሲናገር እንደ ፈረንጅ የሚንተባተብ የሉኦ ልጅ፣ ወደ በሩ ዞሮ ተጣራ። «ከእሳቸው ጋር የመጡት ማን ናቸው? ይግቡ፣ ለእርስዎ ላስረዳዎት።»

ኦዴሮ ገባ። ምን ያድርግ፣ ሐኪም ጠራው። በሩ ጋ ተለጥፎ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ዶክተሩ «አፍ ይከፈት» አለ። በአማቻቸው ፊት ሙዝ ልጠው የማያውቁ የሰባ ሰባት ዓመት ሴት ያ መብራት አፋቸው ውስጥ በርቶባቸው ተገለጡ። ማማ ዶርሲላ በዚያ ቀን ራቁታቸውን ገበያ የወጡ ያህል ነው የተሰማቸው። ዶክተሩ የጥርሳቸውን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ለኦዴሮ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። ኦዴሮ «እሺ» አለ። ዶክተሩ ጨመረለት። ኦዴሮ «እሺ፣ እሺ» አለ። መጨረሻ ላይ ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ በዚያች ተንተባታቢ ሉኦኛው «ገባዎት፣ ማማ? እንቀጥል?» አላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሰው ይውጣልኝ ማለታቸው ነበር፤ ሌላ ምንም ማለታቸው አልነበረም። ኦዴሮ ወጣ፤ መርፌው ገባ።

ማደንዘዣው የለቀቃቸው መንደራቸው ሲደርሱ ነው። ምላሳቸው ወደ ግራ ሄዳ አንድ ጉድጓድ አገኘች። አለፍ አለችና ሌላ አገኘች። አንደኛው የሚያማቸው ነበር፤ ይሁን። ሁለተኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ያላስቸገራቸው፣ አጥንት የሚሰብሩበት ጥርስ ነበር። ያቃጠላቸው ሕመሙ አይደለም፤ ከገዛ አፋቸው የሄደውን ነገር ወሬውን የሰሙት ከምላሳቸው መሆኑ ነው።

ግራው ከሥራ ሲወጣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። በሦስተኛው ሳምንት ቀኙም ጮኸ። እዚያ ደግሞ ላይና ታች የሚገናኝ የቀራቸው አንድ መንጋጋ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ እስከ ዕለተ ሞታቸው የማሽላ አጥሚት ነው የሚጠጡት። ያን እያሰቡ ነው ዛሬ ተመልሰው የመጡት፤ ኦዴሮ ከመኪናው እንዳይወርድ በአዶንጎ በኩል አስነግረው።

«ለምን እንደማይከፍቱ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለ ዶክተሩ አሁን።

«በፊት አንተ ንገረኝ። ያ ያልታመመኝ ጥርስ ምን አድርጎህ ነቀልከው?»

ዶክተሩ ተነፈሰ። ካርዳቸውን ገለጠ። «በጎኑ ተቦርቡሮ ነበር። አልታመሙም እንጂ እየተበላሸ ነበር። መሙላት ይቻል ነበር፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ ስለሚፈልግ ነው። ሁለቱንም ዛሬ ነቅለን እንገላገል ወይ ብዬ ለቤተሰብዎ አስረድቼ፣ እሺ ተብያለሁ።»

«ማን ነው እሺ ያለህ?»

«ልጅዎ ናቸዋ። ይዘዎት የመጡት።»

«ልጄ አይደሉም። የልጄ ባል ናቸው።»

የሮዝቤላ እጅ ቱቦው ላይ ደረቀ። የመንደር ልጅ ናትና ገባት። ዶክተሩን አየችው፤ እሱ ግን ገና ነው።

«ሮዝቤላ፣ የኔ ልጅ» አሉ ማማ ዶርሲላ፣ «ውጪ ሰማያዊ መኪና ውስጥ አሉ። ሂጂና ሐኪሙ ያን ቀን ምን አለዎት በያቸው። እዚህ እንዳይገቡ ታዲያ።»

«ማማ፣ ውጪ አሥራ ስምንት ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ደግሞ ውስጥ ነኝ።»

ሮዝቤላ ሄዳ ተመለሰች። በሩን ዘግታ ቆመች፤ ሳቅም ንዴትም ፊቷ ላይ ይታገላሉ። «ምንም አልሰማሁም ነው የሚሉት። አማቴ አፋቸውን ከፍተው ወዴት ልይ፣ ወለሉን እያየሁ ሸክላ ስቆጥር ነበር አሉ። እሺ ያልኩት ቶሎ እንዲለቀኝ ነው አሉ።» ወደ ወለሉ አመለከተችና «ሃያ ስድስት ሸክላ ነው አሉ» ብላ ጨመረች።

ዶክተሩ ወለሉን አየ። ምን እንዳየ እሱ ያውቃል።

«እኔ ደግሞ ራሴን የነቀነቅኩት እሳቸው እንዲወጡ ነው» አሉ ማማ ዶርሲላ። «እንግዲህ እሺ ያለህ ማን ነው? ጥርሱ ነው?»

«ማማ፣ እኔ ባህሉን...»

«ባህል ተወው። እኔን ለምን አልጠየቅከኝም? ጆሮዬ ደኅና ነው። የታመመኝ ጥርሴ ነው።» ክንዳቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው በግድ ቀና አሉ። «ይሄ የፊቱ እንዴት እንደሄደ ታውቃለህ? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ነቃዩ ኦምቦጎ የሚባል ሽማግሌ ነው። በዋዜማው እኛ ግቢ መጣና መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ብረቱን እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ያዢው፣ ከባድ ነው ወይ አለኝ። ስድስቱን በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። ይሄ ቶሎ ይወጣል፣ ይሄ ያስቸግርሻል፣ አልዋሽሽም አለኝ። ስንት ቀን አጥሚት እንደምጠጣ ነገረኝ። ጠዋት እመጣለሁ፤ ጎተራ ውስጥ ከተደበቅሽ አልፈልግሽም፣ ሌላ ዓመት እመጣለሁ አለ።»

«ተደበቁ?» አለች ሮዝቤላ፣ ሳይታወቃት።

«ተደበቅኩ እንጂ። እሱም ሳይፈልገኝ ሄደ። እናቴ ተናደደች፣ እሱ ግን ሄደ። በዓመቱ ሲመጣ በገዛ እግሬ ወጥቼ ፊቱ ተቀመጥኩ። እንዳትሳሳት፣ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ነፍሴ እስክትወጣ አሞኛል። እነዚያ ማዶ መንደር ያሉት ልጆች በጉልበት ተይዘው ነው የተነቀሉት። ኦምቦጎ ግን ፊደል አልቆጠረም፣ ነጭ ጋዋንም አልነበረውም፤ ጠይቆኛል። ስድስቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ግራ ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ። «ይህን ግን ወሰድክብኝ።»

በሩ ተንኳኳ፤ መቀበያዋ ልጅ ቀጣዩን ታካሚ ላስገባ ወይ ብላ አንገቷን አስገባች። ዶክተሩ በእጁ መለሳት። ተናዷል፤ በማን እንደተናደደ ግን ለራሱም የገባው አይመስልም። ቁልፉን ረግጦ ወንበሩን ቀጥ አደረገው፣ መብራቱን አጠፋ፣ ጓንቱን አወለቀ። በርጩማውን ስቦ ፊታቸው ተቀመጠ። ከመቀበያው የመጣውን ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ ትልቅ ጥርስ ሣለ።

ቃል ያጥረው ነበር። ነርቭ የሚለውን በሉኦኛ አጥቶ «ክር» አለው፤ ሮዝቤላ አቃናችው። መሙላት ሦስት ቀጠሮ ነው፤ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ ካልተሳካ መጨረሻው መንቀል ነው። መንቀል ዛሬ ያልቃል፣ ግን ማኘኪያ አይኖርም። ዝም ከተባለ ይብሳል፤ ፊታቸው ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን ይምጡ። ማማ ዶርሲላ ሲሞላ የሚያም እንደሆነ ጠየቁ። ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቁ። አንተ ብትሆን እናትህን ምን ታደርጋታለህ ብለው ጠየቁ፤ የሣለውን ጥርስ አየ። «እሞላላታለሁ» አለ በመጨረሻ። ይህ ሁሉ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሰባት ደቂቃ። ያን ቀን ሰባት ደቂቃ ጠፍቶ ነው፣ ብለው በልባቸው በገኑ።

«ታዲያ ምን ይላሉ?» አለ ዶክተሩ።

«ሐሙስ እመጣለሁ።»

«ዛሬ ልጀምረው እችላለሁ እኮ። እያመመዎት አይደል?»

«ያመኛል። ሐሙስ እመጣለሁ። አስቤበት፣ ከልጄ ጋር ተነጋግሬ። አንተ ማስታገሻ ስጠኝ።»

ዶክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ፤ የኪኒኑን ማዘዣ ሰጣቸው፤ ካርዱን ስቦ አንድ መስመር ጫር አደረገና ዘጋው። ማማ ዶርሲላ ከወንበሩ አልወረዱም።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው፣ ሮዝቤላ?»

ሮዝቤላ ዶክተሩን አየች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ይህን ወር ሁለቴ ተቆጥቷታል። ቢሆንም ካርዱን ከፈተች። «ታካሚዋ ሕክምና አልቀበልም ብለዋል፣ ይላል።»

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«የተለመደ አጻጻፍ ነው ማማ፣ ምንም ማለት አይደለም» አለ ዶክተሩ።

«ምንም ካልሆነ አጥፋው። ሐሙስ እመጣለሁ ነው ያልኩት። እሱን ጻፍ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው አፋቸውን መልሰው ዘጉ። በሩ እንደገና ተንኳኳ። ዶክተር ኦወር እስክሪብቶውን አነሣ፤ መስመሩን ሰረዘ፤ ከሥሩ ጻፈ። ሮዝቤላ ሳትጠየቅ አነበበችላቸው። «ታካሚዋ አማራጮቹ ተነግረዋቸዋል፤ አስበውበት ሐሙስ ይመጣሉ።»

ማማ ዶርሲላ እግራቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ፤ ጫማቸውን ፈልገው አጠለቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከሱ በላይስ? የባለፈው ጊዜስ ምን ይላል?»

ሮዝቤላ ጣቷን ወደ ላይ አንሸራተተች። «ስለ ሁለት ጥርስ መነቀል ተብራርቶላቸው...» ድምፅዋ ወረደ። «ታካሚዋ ተስማምተዋል፣ ይላል።»

ዶክተሩን አዩት። እስክሪብቶው ገና በእጁ ነበር። ጎንበስ አለ፣ መስመሩ ላይ አደረሰው፣ እዚያው ያዘው። ወረቀቱን ማቃናት ይችላል፤ ጥርሱን ግን አይመልስም። ማማ ዶርሲላ ምላሳቸውን በግራ በኩል ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሰደው ጠበቁት።