ያልተጠየቀው ፊት

ሰፈሩ ሁሉ ቀለሜ ይላታል። በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች አይደለም፤ እንዲያውም ከክፍል ክፍል ያዛወራት የእናቷ ጸሎት ነው እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ቀለሜ ያሰኛት ጥፍሯ ሥር ገብቶ በሳሙናም በበረኪናም አልለቅ ያላት ቀለም ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ፣ ቲሸርት ላይ የሚታተም ሥዕል ስትሥል ዓመታት አሳልፋለች። ሥዕሉ የእሷ፣ ምስጋናው የአለቃዋ። አንድ ቀን አለቃዋ ደንበኛ ፊት ቆሞ፣ «ይቺንማ ራሴ ነኝ ቁጭ ብዬ የሣልኳት» ሲል ሰማችው። ሽርጧን ፈታች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች።

እናቷ በጊዜ መምጣቷን አይታ ደነገጠች። «ምነው? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። የራሴን ልጀምር ነው።»

«የራስሽን ምን?»

«ቲሸርት።»

እናትየዋ ከማብሰያው ዞር ሳትል፣ «ምነው፣ የለበስሽው አንሶሽ ነው?» አለች። ቢሆንም በማግስቱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ራሷ ጠርጋ ሰጠቻት። ቀለሜ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስስ ጨርቅ የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም፣ ቀለም የምትገፋበት ጎማና አንድ አሮጌ ካውያ ይዛ ገባች። ሥዕሉ ፍሬሙ ጨርቅ ላይ ይቀረጻል፤ ቀለሙ በጎማ ሲገፋ በሥዕሉ መስመር ብቻ ሾልኮ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በካውያ ይተኮስና ይደርቃል። ሥራውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የማታውቀው ሰው ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚገዛ ነበር።

አበባ ሞከረች። ወፍ ሞከረች። ዋናው መንገድ ላይ ልብስ የሚሸጠው ባለሱቅ ቲሸርቶቿን አገላብጦ አየና፣ «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ የመጋረጃ ነው» ብሎ መለሰላት። እዚያው ሱቅ በር ላይ ዕንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

ታላቅ ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው፣ መኪናው ተገለበጠ፣ እሱ ተረፈ፣ ረዳቱ ሞተ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ሳሎን መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ንቅንቅ አላለም። እናቱ ጠዋት ጠዋት፣ «ልጄ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ ወጣ ብለህ ነፋስ ይንካህ» ትለዋለች። አገጩን በመዳፉ እንደ ደገፈ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ነገ እወጣለሁ» ይላል። ነገም ያው ነው።

ባለሱቁ በመለሳት ሰሞን ቀለሜ ሳሎን ተቀምጣ እጇን ለማፍታታት ያህል ወንድሟን ሣለችው። የረዘመ ጺሙን፣ የተደፋ ትከሻውን፣ ጉንጩን ወደ ላይ የገፋውን መዳፍ። መስመሩ ገና ከእጇ ሲወጣ ጥሩ እንደሆነ ታወቃት። ሥሩ «ነገ እወጣለሁ» ብላ ጻፈችበት። ለራሷ ነበር። ግን አንድ አተመች። ከዚያ፣ እስቲ ይሞከር ብላ፣ ጥቂት ጨምራ ለባለሱቁ ወሰደችለት።

ባለሱቁ ገና ሲያየው ሳቁ አመለጠው። «ይሄ የኔ አማች ነው! ቁጭ እሱን!»

ያመጣችው ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀ። ጨምሪ አላት፣ ጨመረች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሰነፍ ያየበት ነበር። ሚስት ለባሏ ገዛች፣ ተማሪዎች ለፈተና ሳምንት ገዙ። ቀለሜ ከጠዋት እስከ ማታ ትገፋለች፣ ትተኩሳለች፣ ታጥፋለች። ወንድሟ ሁለት ግድግዳ ወዲያ ተቀምጧል። መስኮቱ የሚያሳየው የኋለኛውን ጸጥተኛ መንገድ ነው፤ ቲሸርት ለባሹ የሚመላለሰው በዋናው ነው። ጋሼ ቤት መዋሉን እንደ በረከት መቁጠር ስትጀምር ራሷን ታዘበች፣ ግን አላቆመችም።

እናቷ አንድ ቀን ሳታንኳኳ ገባችና ገመድ ላይ የተሰጡትን አየቻቸው። ጣቷን አንስታ የሥዕሉን ጉንጭ ነካችው። «ይሄ ልጄ አይደለም እንዴ?»

«እማዬ፣ ዝም በይ፣ ይሰማል።»

«እሱ ያውቃል?»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

እናትየዋ ትክ ብላ አየቻትና፣ «ሁለታችሁም ነገ ማለት ታውቁበታላችሁ» ብላ ወጣች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀለሜ ውኃ ልትጠጣ ወደ ሳሎን ብቅ ስትል የመስኮቱ ወንበር ባዶ ነው። እናቷ መሐል ወለል ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«ወጣ! ልጄ ወጣ! ተላጭቶ፣ ጫማውን ጠርጎ! የክፍሏ አምፖል ብልጭ ድርግም እያለ ዓይኗን ሊያጠፋው ነው፣ ገዝቼላት ልምጣ ብሎ።»

ቀለሜ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አመለጠ። ስባሪውን ተራምዳው ሮጠች።

በነጠላ ጫማ፣ ሽርጧን እንዳሰረች፣ በዋናው መንገድ እየተጋፋች ሄደች። የመጀመሪያውን ቲሸርት ፋርማሲው በር ላይ አየችው። ሁለተኛው ከአውቶቡስ ይወርዳል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ባየች ቁጥር ልቧ በኩራት ይሞቅ ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ተመካክሮ የለበሰው መሰላት። ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወጣቶች ተሰብስበው ሲስቁ ሰማች። መሐላቸው ጋሼ ቆሟል። አምፖሉን በካርቶኑ ይዞ ደረቱ ላይ አጥብቆታል።

«ሰውየው! ራሱ ሰውየው ነው እኮ!» ይላል አንዱ፣ የራሱን ደረት እየጠቆመ። «ጺሙን ተላጭቶ ነው እንጂ! ጋሼ፣ በመጨረሻ ወጡ አይደል? አንድ ፎቶ፣ በናትዎ!»

ክፋት አልነበራቸውም። ትከሻውን አቅፈው ስልካቸውን ዘረጉ። ጋሼ የልጁን ደረት ያያል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ እንደገና ያነባል። ቀና ሲል እህቱን አያት። ዓይኑ ፊቷ ላይ አልቆየም፣ ወርዶ ጥፍሮቿ ላይ አረፈ። እዚያ ያለው ጥቁር ቀለምና ልጁ ደረት ላይ ያለው አንድ ነው።

እቅፋቸውን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወደ ቤት አቀና። እሷ ከኋላው ተከተለችው፤ መንገዱን ሁሉ አንዴም አልዞረም።

ቤት ሲገባ አምፖሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። እናታቸው ፊታቸውን አይታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ጋሼ፣ ልነግርህ ነበር…»

«ሰነፍ ነኝ ለካ።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «መሳቂያ ነኝ።»

«እኔ እንደዚያ አላሰብኩም። እጄ ላይ ጥሩ ሆኖ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ ከዚያ…»

«ነገ እወጣለሁ ስል የት ልሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

ቀለሜ ቀና ብላ አየችው።

«የረዳቴ እናት ቤት። ከቀበሩት ጀምሮ ደጃቸውን አልረገጥኩም። በየቀኑ ነገ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልኩ፣ ጠዋት ሲሆን ከወንበሩ አልነሳም። እሳቸው ሰፈራቸው ሩቅ አይደለም። ይህን ለብሶ የሚያልፍ ሰው ቢያዩስ? ልጄን የገደለው ሰው ይሳቅለታል አይሉም?»

ቀለሜ ማተሚያ ቤቱን ለምን ጥላ እንደወጣች ትዝ አላት፤ እንደ እሳት ፈጃት። ወደ ክፍሏ ገባችና ፍሬሙን ባልዲ ውስጥ ነክራ ሥዕሉን በብሩሽ ፈገፈገችው። ከባድ ሥዕል ነው፣ ቶሎ አልለቅ አለ። ለማድረስ ተዘጋጅቶ የተደረደረውን ሁሉ ገልብጣ መደርደሪያው ሥር ከተተችው። ማታውን ጋሼ ወንበሩን ከመስኮቱ አዙሮ ወደ ግድግዳው ፊቱን ሰጠ።

በማግስቱ ለባለሱቁ ነገረችው። «ያንን ሥዕል ከእንግዲህ አላትመውም። የቀረዎትን እኔ እወስደዋለሁ። ሌላ እሥላለሁ።»

«ብለሽ ነው? ሰው እየፈለገው?»

«የሰው ፊት ነው። ሳላስፈቅድ ነው።»

ባለሱቁ ራሱን ወዘወዘ፣ ፈገግ አለ። «እንግዲህ እንዳልሽ የኔ እህት።» የቀሩትን ቆጥሮ ሰጣት፣ በር ድረስ ሸኛት። ፈገግታው አላማራትም፣ ግን ተመስገን ብላ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ በዚያ ስታልፍ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ ጋሼን አየችው። የእሷ መስመር አይደለም። ሌላ ሰው ከቲሸርቱ ላይ ገልብጦ ሥሎታል። አፉን አስከፍቶታል፣ ለሃጩን ደረቱ ላይ አውርዶታል፣ አፍንጫው ላይ ዝንብ ጨምሮበታል። ከሥሩ ያው ጽሑፍ።

ዘላ ገባች። «ይሄ ምንድነው?»

«አንቺ ተውኩት አላልሽም? እኔ ሌላ ጋ አሳተምኩ። ገበያ ነው።»

«ሥዕሉ የኔ ነው! ፊቱ የወንድሜ ነው!»

«የት ተጽፏል? በዓለም ላይ ስንት ጺማም አለ!» ወደ ደንበኞቹ ዞሮ፣ «አያችሁልኝ? ከእንግዲህ ላም ስንሥል ላሟን ልናስፈርም ነው» ሲል ሱቁ በሳቅ ሞላ።

ወደ ቤት ተመለሰች። ልትነግረው? ገና ቁስሉ ሳይደርቅ? ዝም ብትልስ? በሩ ላይ ቆማ ቁልፉን እጇ ውስጥ ስታሽከረክር ቆየች። ያለፈው ዝምታዋ ያመጣውን አስባ ገባችና፣ ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዝንቡንም ለሃጩንም ሳታስቀር ነገረችው።

ቀለሜ ይጮህብኛል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። እሱ ግን ከወንበሩ ሥር ጫማውን ሳበ። ማሰሪያውን ማሰር አቅቶት ደጋግሞ ሲሞክር ልታግዘው እጇን ዘረጋች።

«ተይኝ» አላት። ራሱ አሰረውና ወጣ፤ ቀለሜ ተከተለችው።

ሱቁ ጢም ብሏል። ባለሱቁ ጋሼን ሲያይ እጁ ላይ ያለውን መስቀያ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጋሼ በር ላይ ያለችውን በርጩማ ወደ መሐል ሳባት፣ ተቀመጠ፣ አገጩን በመዳፉ ደገፈ። ደንበኞች እሱን አዩ፣ መስታወቱን አዩ፣ እንደገና እሱን አዩ። አንዲት ሴት ለልጇ የመረጠችውን ቲሸርት በእጇ እንደያዘች ሳቋ ግማሽ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። «ለምን እንደማልወጣ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲበጠስ፣ ‹ዝለል!› አልኩት። ‹አንተን ትቼ?› አለኝ። አልዘለለም። እሱ ነው የሚያስቀምጠኝ እንጂ እንቅልፍ አይደለም።»

ባለሱቁ መስቀያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ንግዴን ልታበላሽ ነው የመጣኸው?» አለ ባለሱቁ፤ ድምፁ ግን አንሷል።

«የለም። መስታወቱ ውስጥ ያለውን አውርደው። ካወረድከው እሄዳለሁ። ካላወረድክ ከመስኮቴ ይልቅ እዚህ መቀመጥ ይሻለኛል፤ ሰውም አለ።»

ሴትየዋ ቲሸርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አንድ ወጣት የለበሰውን በጃኬቱ ሸፈነው። ባለሱቁ አንዱን ደንበኛ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ዓይን የሚሰጠው አጣ። እያጉረመረመ መስታወቱን ከፈተና አወረደው። «ተዉኝ እንግዲህ! ሰው መሆኑን ማን አወቀ!»

ውጭ ሲወጡ ጋሼ የመብራቱን ምሰሶ ይዞ ቆመ። አንድ ከባድ መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ የቀለሜን ክንድ ጨመቀው፣ አጥንቷ ድረስ ተሰማት።

«ታርቄሻለሁ ማለት አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«የልጁ እናት ቤት በዚህ ነው። ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

ሄዱ። በሩን የከፈቱት ትንሽዬ አሮጊት ነበሩ። ጋሼን ሲያዩ የበሩን ጠርዝ ጨበጡ። ጋሼ ሊንበረከክ ሲል ክንዱን ያዙት። «እስከ ዛሬ ምን ሆንክ? ልጄን ቀብሬ አንተንም ልቅበር?» አሉት በቁጣ፤ እየገፉ አስገቡትና መልሰው በሩን ዘጉት። ቀለሜ ደጅ ቀረች፣ የውስጡን ለቅሶ እየሰማች። የእሷ እንዳልሆነ ገብቷት አልተከተለችም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ። ቀለሜ ሌላ ባለሱቅ ስታፈላልግ ሰነበተች፤ የሚሽከረከር ቁልፍ፣ የተጣመመ ብስክሌት፣ ዝናብ የያዘው ጃንጥላ ሣለች። ጃንጥላውን የአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሴቶች ወደዱትና ለሠራተኞቻቸው ሁሉ አዘዟት። ትልቅ ነገር አልነበረም፣ ግን ክፍሏ ውስጥ እንደገና ቀለም ሸተተ።

ጋሼ የሚወጣበት ቀን አለ፣ የማይወጣበትም አለ። በማይወጣበት ቀን ከኋላዋ መጥቶ ካውያውን ይይዛል፣ የታተሙትን እየተኮሰ ያጥፋል። ስለ ሥዕል ግን ምንም አስተያየት አይሰጥም፤ እሷም አትጠይቀውም። አንዳንዴ ሙሉውን ከሰዓት በኋላ የሚሰማው የጎማው ፍትጊያና የካውያው እንፋሎት ነው። እናታቸው በበሩ ብቅ ብላ ሁለቱን ታይና፣ «ራት ደርሷል» ብላ ትመለሳለች።