ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባልዲ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ቆይማ» ይለዋል። ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሲሚንቶ የሸጡለት ሲመጡ ቆይማ፣ ሠራተኞቹ ደሞዝ ሲጠይቁት ቆይማ። አንድ ጊዜ ግን ነገሩ በራሱ ላይ ዞረ። አንድ ክሊኒክ ሠርቶ ሲያስረክብ አሠሪዎቹ ከክፍያው ላይ መያዣ አስቀሩና «ዓመት እንየው፤ እንከን ካልወጣለት ትወስዳለህ» አሉት። ቆየ እንግዲህ፣ ምን ያደርጋል! ለሥራው ብሎ የተበደረው እናታችን በሰጠችው ውክልና ቤቷን አስይዞ ነው። መያዣው ካልተለቀቀ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ይሸጠዋል። እማዬ ይህን አታውቅም።

ዓመቱ ሞልቶ የመጨረሻው ርክክብ ዕለት ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ክንዴን ያዘኝ፤ እጁ በረዶ ሆኗል።

«እህት ዓለም፣ የአራሶቹ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል።»

«ምን?!»

«ከፍቼ ብጠግነው ያውቁብኛል ብዬ ከኮርኒሱ በላይ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። ትናንት ልደፋው ነበር…»

«ቆይማ አልካ!»

ቀድሞኝ ደረጃውን ወጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።

ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ የወደቀ መርፌ የማያመልጣት ሴት ናት። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ቧንቧውን ለቀቀችው። ጥግ ላይ አንዲት አራስ ልጇን አቅፋ ተኝታለች፤ አጠገቧ ነርስ ቆማለች። ቀና ብዬ ከአልጋዋ በላይ ያለውን ኮርኒስ አየሁት። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፤ ግን ወደ ታች ሆዱን ነፍቷል።

መሐንዲሷ አንድም እንከን አላገኘችም። ርክክቡን ልትፈርም ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ወንድሜም ኮርኒሱን አይቶታል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዓይኑን ከእስክሪብቶው ላይ አላነሳም። ከላይ የሆነ ነገር ሲጥ አለ። እማዬ ዕቃዋ ደጅ ወጥቶ ታየችኝ።

«አልጋውን ሳቡት!» ብዬ ጮህኩ።

እኔና ነርሷ አልጋውን እየጎተትን ወዲያኛው ግድግዳ አደረስነው። ኮርኒሱ ግን እንዳለ ነው። ሁሉም እንደ እብድ ያዩኛል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ባልዲው ከነውሃው ኮርኒሱን ቀዶ፣ የአራሷ ራስ በነበረበት ቦታ ላይ ዱብ አለ።

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን ከደነች። አልፈረመችም።

መንገዱን ሁሉ ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነበር። ወንድሜ ከፊት ከፊቴ ሄደ። በሯ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ትንሽ ብትቆዪ እኮ ትፈርም ነበር» አለኝ።

አብሬው ያደግኩት ወንድሜ ነው፤ ፈርቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ፈራሁት። ሳናንኳኳ ኮቴያችንን ሰምታ እማዬ ከውስጥ «ማነው?» አለች።