ኻሊዳ የተወለደችበት መኪና

መካኒኩ ተክለወልድ ከሞተሩ ሥር የቀዳውን ዘይት በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። ዘይቱ መጥቆር ሲገባው ወተት እንደነካው ሻይ ነጣ ብሏል። ውሃ ገብቶበታል። የመኪናው ባለቤትና የዛሬዋ ሙሽራ አባት ሙሐዲን ነገሩን ከፊቱ አነበበና ባዶ በርሜል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

መኪናው አርጅቷል ማለት እንኳ ማቆላመጥ ነው። የጅቡቲ የጨው ነፋስ ጭቃ መከላከያውን በልቶ ጨርሶታል። ነገር ግን ኻሊዳ የተወለደችው በኋላ ወንበሩ ላይ ነው፤ እናቷ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ መንገድ ላይ ምጡ ቀደማት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጅቷ «ወደ ባሌ ቤት በዚህ መኪና ካልሆነ አልሄድም» ብላለች። የሙሽራው ቤተሰቦች ደግሞ የሚያብረቀርቅ አዲስ መኪና ገዝተዋል። አሮጌው እስከ ከሰዓት በኋላው የዓስር ሰላት ካልተነሳ አዲሱን እንደሚልኩ ትናንት በትሕትና አስታውቀዋል። ሙሐዲንን ያንገበገበው ትሕትናቸው ነበር።

ጠዋት ሲሞከር ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃው ፈላ፤ የራዲያተሩ ክዳን ተስፈንጥሮ የጎረቤት ዶሮዎችን በተነ። ያየ ሁሉ በሞተሩ ራስና በገላው መካከል ያለው ማሸጊያ ተበጥሷል አለ። ማሸጊያው እስኪመጣ ደግሞ መርከብ መጠበቅ ነው። ተክለወልድም ይህንኑ ጠርጥሯል፤ ግን በባቡር ጣቢያው ጋራዥ ያረጀ ሰው ነውና ሁሉም የተስማማበትን ነገር አይወድም።

ራዲያተሩ እንፋሎት በሚያስተነፍስበት ቀጭን ቧንቧ ሽቦ ሰደደ። የሚያሟልጭ፣ የሚጎተት ነገር ወጣ። አሸተተው። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ይህን ሽታ በየቀኑ ይጠጣዋል። ተልባ ነው! ያውም ግማሹ ፍሬ ሳይሰበር የቀረ። በዚህ ከተማ ተልባ እንዲህ አድርጋ የምትወቅጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የገዛ ሚስቱ ወርቅነሽ። በየጾሙ ይነጫነጭባታል፤ እሷም ጥርስህ ምን ሊሠራ ነው ትለዋለች።

ቀና ሲል ኻሊዳ ሂና የተቀቡ እጆቿን ከልብሷ አርቃ በር ላይ ቆማለች። በዓይኑ ጠራት።

«ጋሼ ተክለወልድ፣ ራዲያተሩ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ ካየ አዲሱን መኪና ይቀበላል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ በአንድ እፍኝ ፉርሽካ የባቡር ቦይለር ቀዳዳ እንደደፈኑ እትዬ ወርቅነሽ ነገሩኝ። ፉርሽካ ስናጣ ተልባቸውን ሰጡኝ።»

«ስንት ጨመርሽ?»

«ከረጢቱ ትንሽ ነበር።»

ተክለወልድ ሳቁ አመለጠው። የፉርሽካውን ታሪክ እራት በበላ ቁጥር ያወራዋል፤ ቀዳዳውም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዶ አሁን ጭንቅላት ያስገባል። ሳቁ ሳያልቅ ግን ወደ ሞተሩ ዞረ። ተልባው ቧንቧዎቹን ከደፈነ ውሃው መሄጃ አጥቷል፤ ግፊቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ የፈላውን ውሃ ሞተሩ ላይ ረጭቷል። የዘይት መጨመሪያው አፍ ደግሞ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቶ ጨርቅ ነው የተወተፈበት። ምናልባት ውሃው የገባው ከላይ ይሆናል። ማሸጊያው ምናልባት ደህና ነው።

የሰርጉ ማብሰያ እሳት ላይ ውሃ ተጣደ። ራዲያተሩን እያጠቡ ልጋጉን አወጡ፤ ዘይቱን ለወጡ፤ ከአምቡሊ ጉድጓድ የመጣ ጨው የሌለው ውሃ ሞሉበት። ተክለወልድ ክዳኑን ሳይገጥም ሞተሩን በእጅ አዙሮ አስነሳ። ማሸጊያው ከተበጠሰ ውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ውሃውን ያይ ጀመር። አንድ አረፋ ወጣ። ሌላም ተከተለ። ሙሐዲን ዱዓ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አረፋው ቀረ፤ ሞተሩ ሞቆም ውሃው ከመንቀጥቀጥ በቀር ምንም አላለም።

«ጤነኛ ነው» አለ ተክለወልድ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ማነው ተልባ የጨመረበት?» አለ ሙሐዲን። ኻሊዳ አቀረቀረች።

«እኔ ነኝ» አለ ተክለወልድ፤ «በአፌ።»

ሙሐዲን ምንም አልገባውም። ግን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከነዘይቱ አቀፈውና አለቀሰ።

ዓስር ሳይደርስ ተነሱ። የራዲያተሩ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አሁንም እንዳለች ናት፤ ስለዚህ ተክለወልድ ውሃ የሞላ ቆርቆሮ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ከሙሐዲን ጎን ተቀመጠ። ከሙሽራው ደጅ ሲደርሱ አዲሱ መኪና ተወልውሎ ቆሟል፤ ሕዝቡ ግን ዞር ብሎም አላየው፤ አሮጌውን ከበበ። ኻሊዳ ወርዳ ወደ መጡበት ዞረች። አቧራው ላይ ከአባቷ ቤት ጀምሮ የውሃ ነጠብጣብ ተከትሏቸዋል።

«ጋሼ፣ ያንጠባጥባል።»

«ያንጠባጥብ» አለ ተክለወልድ። «አባትሽ መንገዱን እንዳይስት።»

ሙሐዲን ሰምቶ ሳቀ። የሙሽራው ቤተሰቦች ግባ ግባ ሲሉት ግን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እጁንም ከመሪው ሳያነሳ፣ ትንሽ ቆየ።