አንደኛውን ከሦስተኛው ጋር

«ሃያ ደቂቃ ቀርቷል!» አለ ፈታኙ። እሷ ደግሞ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ከተጣበቀች ሩብ ሰዓት ሊሞላት ነው።

x³ + 3x² − 5x − 15። ፋክተር አድርጉ። አሥር ነጥብ። በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው።

የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተፈታኝ ልጇ ቢሆን ማንንም አይገርምም። ፈተናው ለማምከኛ ክፍል ሥልጠና መግቢያ ነው፤ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ንጹሕ ሆነው የሚወጡበት ክፍል። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም የጣላት ሂሳብ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን ዛሬ ሦስተኛዋ ነው። ካለፈች ከበረኪናና ከእንፋሎት ትገላገላለች። ከወደቀች ግን እጇ እየተላጠ እስከ ጡረታ መቀጠሏ ነው።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ እንዳስተማሯት ጀምራ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለብቻ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ለብቻ፤ ከዚያ ከየቡድኑ የጋራውን አባዢ ማውጣት። ከመጀመሪያው ቡድን x²(x + 3) ወጣላት። ጎሽ! ከሁለተኛው −5(x − 3) ወጣላት። ቅንፎቹ ግን አልተመሳሰሉም። አማቷ «ቅንፎቹ ካልተመሳሰሉ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል ማለት ነው» ብለዋታል። የት ቦታ እንደሆነ ግን አማቷ እዚህ የሉም የሚነግሯት። ደግማ ሠራችው፤ ያው። ሦስተኛም ሠራችው፤ ያው።

የመቀነስ ምልክት ናት የምታምሳት። ከቅንፍ ስትወጣ ውስጥ ያለውን ምልክት እንደምትገለብጥ ታውቃለች፤ አርባ ጊዜ ሠርታዋለች። ጭንቅ ሲይዛት ግን ጥርግ ብሎ ይጠፋባታል።

«ወይ ጉዴ!» አለች በሹክሹክታ። ፈታኙ ዞሮ አያት።

እርሳሷን አስቀምጣ አራቱን ቁጥሮች ዝም ብላ አየቻቸው። እሷ በደንብ የምታውቀው ነገር ቢኖር ልብስ መለየት ነው። ደንቡ ከአንድ ክፍል የመጣውን አንድ ላይ እጠቡ ይላል። ሥራ ሲደራረብ ግን እሷ ደንቡን ትታ አንሶላን ከአንሶላ፣ ጋውንን ከጋውን ታደርጋለች፤ ከየትም ክፍል ይምጣ። አለቃዋ ይጮሃል፣ ልብሱ ግን ንጹሕ ሆኖ በሰዓቱ ይደርሳል። እና አንደኛውን ከሦስተኛው ጋር ብታደርገውስ? x³ − 5x፣ ማለትም x(x² − 5)። ሁለተኛውን ከአራተኛው ጋር፤ 3x² − 15፣ ማለትም 3(x² − 5)።

ቅንፎቹ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኑ። የምትገለበጥ ምልክትም የለች።

መደሰት ነበረባት፤ እርሳሷን ለማንሳት ግን አመነታች። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። ዘጠነኛ ክፍል እያለች እንዲሁ አንደኛውን ከሦስተኛው አድርጋ ሠርታ፣ ወረቀቷ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ ከዜሮ ጋር ተመለሰላት። አስተማሪዋ ተማሪው ሁሉ እየሰማ «አንቺ እኔ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም እንዴ?» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን በኋላ ሂሳብ የእሷ ነገር እንዳልሆነ አመነች፤ ዓመቱ ሳያልቅም ትምህርቱን ተወችው። ተማሪው ሁሉ እኚያን መምህርት «ቀይ እስክሪብቶ» ይላቸው ነበር። ዛሬ አማቷ ናቸው።

ከአሥር ዓመት በኋላ እጮኛዋ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት ይዟት ሲሄድ፣ በር የከፈቱላት እሳቸው ነበሩ። አላወቋትም። በየክፍሉ ሰባ ተማሪ ያስተማረ ሰው የትኛዋን ያስታውስ? እሷም አልተናገረች። ለባሏ አንድ ቀን ስታጫውተው «የእናቴ እስክሪብቶ ያልነካው ሰው የት አለ ብለሽ?» ብሎ ስቆ ሳቋን አመጣው። ብቻዋን ስትሆን ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ እያለች ንግግሩን በልቧ ስታሳምረው ኖራለች።

«አምስት ደቂቃ!»

(x² − 5)(x + 3) ብላ ጻፈች። ቀድማ የሞከረችውን ሰርዛ ተወችው። የመጣው ይምጣ ብላ ወረቀቷን አስረከበች።

ቤት ስትደርስ አማቷ አልጋቸው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ከሦስት ወር በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ እሷ ጋ መጡ፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ ማጠቡም ማገላበጡም የእሷ ሆነ። መጀመሪያው ወር ላይ «ውሃ» እና «ትራሱን» ከማለት በቀር ብዙም አይነጋገሩም ነበር። አንድ ማለዳ ግን ደብተሯን በንዴት ስትወረውር አዩና «አምጪው ወዲህ» አሏት። ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ አንድ ሰዓት አስተማሯት። ቀና ብሎ መቀመጥ ያማቸዋል። ላብ በግንባራቸው እየወረደ «ቀጥይ፣ እኔን ተይኝና ቅንፉን እይ!» ይሏታል።

«እህሳ! ነጠላሽን ሳታወልቂ ንገሪኝ» አሉ አሁን።

«ሌላው ደህና ነበር። አሥራ ስምንተኛው ግን...»

«በቡድን የሚሠራው? ንገሪኝ፣ ንገሪኝ።»

ጥያቄውን በቃሏ ነገረቻቸው። «እንደ ነገሩኝ ስሠራው ቅንፎቹ አልገጥም አሉኝ። ከዚያ አንደኛውን ከሦስተኛው ጋር አደረግኩት።»

የአማቷ ፊት ጭልም አለ። «አንደኛውን ከሦስተኛው? ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ? ሁለት ወር ሙሉ ምን ስንል ነበር የከረምነው?»

«እማማ፣ ጨነቀኝ እኮ!»

«አሥር ነጥብ! አሥር ነጥብ እንደ ዋዛ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። እንባዋ መጣ። ሦስተኛዋም በዚሁ አለቀች ማለት ነው። ደግሞም ያው መንገድ፣ ያቺው ሴትዮ፣ ያው ዜሮ።

አማቷ አንዴ ወደ ጣሪያው፣ አንዴ ወደ እሷ ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ «አታልቅሺ። ደብተሩን ስጪኝና የሠራሽውን ጻፊልኝ፤ እስከ መጨረሻው» አሉ።

ጻፈችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን መስመር ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ። ከዚያ እስክሪብቶ ይዘው ሁለቱን ቅንፎች እያባዙ ወደ ኋላ መለሷቸው፤ አራቱም ቁጥሮች አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ።

«ልክ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ነው እኮ! አንቺ ልጅ፣ አሥሩንም ነጥብ ወስደሻል!»

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ በሂሳብ ቀልጄ አውቃለሁ?»

እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው። «ኧረ ዳሌዬን!» ብለው ጮኹና እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ሰባ ወረቀት ከፊቴ ተቆልሎ ሳርም» አሉ፣ «የመጀመሪያው መስመር እኔ ያስተማርኩት ካልሆነ ወደ ታች አላነብም ነበር። ሰርዤ አልፋለሁ። ዛሬ ከአልጋ መውረድ ስለማልችል፣ ጊዜ ስላለኝ አነበብኩት። ሠላሳ አራት ዓመት! ስንቱን ልጅ ልክ ሆኖ ሳለ ሰርዤው ይሆን?»

እሷ አንዷን ታውቃታለች።

«አንቺንስ?» አሉ ቀና ብለው። «ይህን በራስሽ የምታገኚ ሰው እንዲህ ከሂሳብ ያጣላሽ ማነው? ዘጠነኛ ክፍል ማን ነበር ያስተማረሽ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። የመልሱ ቃላት አንድም ሳይጎድሉ ምላሷ ላይ አሉ፤ «አልነበርሽም እንዴ» የሚለውን በእሳቸው ድምፅ ልትልላቸው ትችላለች። አላስታውስም ብላ ማለፍም ትችላለች። ግን ግንባራቸው ላይ ያ የማለዳ ላብ ታያት። ለእሷ ብለው እንደዚያ የታመሙላት ሰው ከእናቷ ሌላ የለም። ያስተማሯትንም ሴት መዋሸት አልፈለገችም፤ እውነት ለመስማት የማይበቁ አይደሉም።

ወንበሩን ወደ አልጋው ስባ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«እነግርዎታለሁ፣ እማማ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባያስተምሩኝ ኖሮ ዛሬ ቅንፎቹ መግጠም እንዳለባቸው እንኳ አላውቅም ነበር። በየማለዳው ሕመምዎን ችለው ነው ያስተማሩኝ፤ እስክሞት አልረሳውም።»

«እሺ፣ እሺ፣ ተባረኪ። እና ማን ነበር?»

«እርስዎ ነበሩ» አለች። እጃቸውን ሊስቡ ሲሉ አልለቀቀችውም።