ያልታጠበው ስድስት ቁጥር

የሴት ታዳጊዎቹ ቡድን ያለው ትጥቅ አንድ ብቻ ነው፤ ለልምምድም ለውድድርም ያንኑ ይለብሳሉ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አሥራ ስምንት ማሊያ በአንድ ከረጢት ታጭቆ ልብስ አጣቢዋ በር ላይ ይወድቃል፤ ቅዳሜ ጠዋት ታጥቦ፣ ተተኩሶና ታጥፎ ሜዳ መድረስ አለበት። አጣቢዋ ኳስ እምብዛም አይገባትም። ጨዋታውን የምታየው በማሊያው ነው። ሁለት ቁጥር ክርኗ ላይ የሣር እድፍ ካለ፣ ተንሸራታ ኳስ ነጥቃለች። ዘጠኝ ቁጥር እጅጌዋን ካኘከችው፣ ያለቀለት ጎል ስታለች። በረኛዋ ጭቃ ካልነካት፣ ቡድኑ ሲያጠቃ ውሏል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አሰልጣኙ ትጥቁን ሊወስድ ሲመጣ፣ በባለፈው ጨዋታ ደህና አድርጋችሁ አሸነፋችሁ አይደል ብትለው፣ ማን ነገረሽ እንዳይላት በዕድሜ ትበልጠዋለችና ማን ነገረዎት እያለ ሲገረም ሰነበተ።

ስድስት ቁጥር የአጣቢዋ ታናሽ እህት ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ እግረ ረጅምና አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ስለሆነች ፌንጣ ይሏታል። ምላሷም እንደ እግሯ አያርፍም። አሰልጣኙን ፊቱ ቆማ በራሱ ድምፅ ስታስመስለው፣ የሚቆጣው ሰውዬ ሳይቀር ይስቃል።

የዚያን ዓርብ አጣቢዋ ከረጢቱን ሲሚንቶው ላይ ዘርግፋ እድፉን ከእድፍ ስትለይ፣ ስድስት ቁጥር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አንገትጌው ደርቆ ክርር ብሏል። ማጠብ የማያውቅ ሰው የነካው ልብስ ያስታውቃል፤ ሳሙናው በደንብ ሳይለቀለቅ ቀርቶ ጠርዝ ጠርዙን ነጭ መስመር ሠርቷል። ከመስመሩ በታች፣ ደረቱ አካባቢ፣ ቢጫ ነገር አለ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ላብ አይደለም፣ ጭቃም አይደለም። ትውከት ነው።

ብዙ ሳይቆይ ልጅቷ ራሷ መጣች። ሌላ ጊዜ በሩን በእግሯ ገፍታ የምትገባው ልጅ፣ ያን ቀን ቀስ ብላ ገብታ የልብስ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ከመስኮቱ ብርሃን አዞረች። አጣቢዋ ማሊያውን አንስታ አሳየቻት። ያኔ ነገሩን አወራችላት። በትናንቱ ልምምድ ለአንድ ከፍ ያለ ኳስ ከአምስት ቁጥር ጋር እኩል ዘልለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አሰልጣኙ ውሃ አጠጣት፣ ጣቱን አሳይቶ ስንት ነው አላት፣ መለሰችለት፣ ሁሉም ሳቁ፣ ተነስታ ተጫወተች። ጎልም አገባች። ልምምዱ ሲያበቃ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። ማንም አላያትም፤ ማሊያውን ቤት ወስዳ ደብቃ አጠበችው።

«የበላሁት ነገር ነው» አለች። «ነገ የከተማው ቡድን መራጮች ይመጣሉ አክስቴ። ከእኛ የሚወስዱት ሁለት ልጅ ነው። እጠቢልኝና ዝም በዪ።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ። አንቺም ሁልጊዜ ራሴን አመመኝ ትያለሽ፤ ማን ከባልዲሽ አስነሳሽ?»

አጣቢዋ እሺ አለቻት። ልጅቷ አንገቷን አቅፋ ሳመቻትና ወጣች።

ያንን እሺ ከአርባ ዓመት በፊትም ብላዋለች። ያኔ እሷ አሥራ ሦስት፣ ወንድሟ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ኳስ ሲጫወት ከጎሉ ብረት ጋር ተላተመ። ተነስቶ አቧራውን አራግፎ በገዛ እግሩ ቤቱ መጣ። በር ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ላይ አስመለሰው። እናታችን ካየች ኳስ ትከለክለኛለች፣ እጠቢልኝ አላት። አጠበችለት። ጎበዝ ልጅ ነበረችና አንዲት ምልክት ሳታስቀር አጠበችለት። እሱም እራቱን በላ፣ እንደ ወትሮው አባቱን አሳቀ፣ ተኛ። ሲነጋ ሸሚዙ ገመዱ ላይ ደርቋል፤ እሱ ግን አልነቃም። ሐኪሙ ትናንት ምንም ምልክት አላሳየም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቷ ምንም አላየሁም ብላ ማለች። እውነቷን ነው፤ የሚታየውን ነገር ልጇ አጥባው ነበር። ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ዝም አለች። እናቷም አባቷም ሳይሰሙ አለፉ። የፌንጣ እናት ከዚያ ወዲያ ስለተወለደች ወንድሟን የምታውቀው በፎቶ ነው።

ደንበኞቿ ያቺ ሴትዮ የማታስለቅቀው እድፍ የለም ይላሉ። ሲያመሰግኗት ነው። እሷ ግን ይህን በሰማች ቁጥር ወሬ ታስቀይራለች።

ማሊያውን ባልዲው አፍ ላይ ይዛ ብዙ ቆመች። በኋላ ውሃው ውስጥ ሳትነክረው ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ወደ እህቷ ደወለች። እህቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ የተሳፋሪው ጫጫታ ድምፅዋን እየዋጠው፣ ልጅቷ ደህና መሆኗን፣ ትናንት ማታ በልታ መተኛቷን፣ ለነገው ጨዋታ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ስትዘጋጅ መክረሟን ነገረቻት። በልታ ተኝታለች የሚለውን ስትሰማ አጣቢዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ያን ጊዜ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ልጅቷን እጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባት። ለእህቷ ምክንያቱን መንገር ግን የወንድሟን ነገር መንገር ነበር። ሳትነግራት ስልኩን ዘጋች። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ሌሊት አለፈ።

ጠዋት አሥራ ሰባት ማሊያ ተኩሳ አጥፋ ሜዳ ወረደች። አሰልጣኙ ሥራው የኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መፍቻና ሽቦውን ከቦርሳው አውጥቶ ፊሽካና የውሃ ጠርሙስ ይከትበታል። ከልብስ መቀየሪያው በር ላይ ተቀበላት፣ ቆጠረ፣ ከዚያ ፌስታሉን ከፈተና ፊቱን አኮማተረ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ተረሳብዎት እንዴ?»

«አልተረሳም። ይሄን አላጥበውም።»

ከትናንት ወዲያ ልጅቷን ከግጭቱ በኋላ እንዳስመለሳት፣ ደብቃ እንዳጠበችውና ዛሬ መጫወት እንደሌለባት ነገረችው። አሰልጣኙ በትዕግሥት አዳመጣት። የሆድ ነገር ይሆናል፣ ልጆች ሙቀት ላይ ሲሮጡ ያስመልሳቸዋል፣ ደግሞም ከግጭቱ በኋላ ጎል ያገባች ልጅ ናት አለ። መራጮቹ ከሜዳው ማዶ ጥላ ሥር ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። በዓይኑ አየት አደረጋቸውና ከቦርሳው አንድ የቆየ ተጠባባቂ ማሊያ ይስብ ጀመር።

«ወንድም ነበረኝ» አለችው አጣቢዋ። «የእሱን አጥቤዋለሁ።»

እጁ ቦርሳው ውስጥ ቀረ።

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነገረችው። አርባ ዓመት የተሸከመችው ነገር ሲወጣ ካውያ እስኪግል ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። አላለቀሰችም፤ የሚያወራው የሌላ ሰው አፍ ይመስል ነበር። ስትጨርስ አሰልጣኙ ማሊያውን ለቀቀና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ጣት ነው ያሳየኋት» አለ ቀስ ብሎ። «አራት አለችኝ። የለመደችው ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሁላችንም ሳቅን።»

ልጅቷን ጠራት። ፌንጣ ጫማዋን ግማሽ አስራ ወጣች፤ ፌስታሉን ስታይ ነገሩ ገባት። አሰልጣኙ ጨዋታው ሌላ ጊዜም እንደሚኖር፣ አሁን ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ፣ እናቷንም እሱ ደውሎ እንደሚያመጣት ነገራት። ልጅቷ እሱን አላየችውም።

«እሺ ብለሽኝ ነበር» አለች አክስቷን። «ዋሸሽኝ።»

«አዎ፣ ዋሸሁሽ።»

ጤና ጣቢያው ከሜዳው ብዙ አይርቅም። ፌንጣ ተቆጥታ ሁለት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች፤ አጣቢዋ ከኋላ እያየቻት ትከተላለች። ከተወለደች ጀምሮ በእግሯ መሄድ ሳይሆን መዝለል የሚቀናት ልጅ፣ ያን ጠዋት አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። ሳያስታውቅ ሁለቱ እርምጃ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሆኑ።

ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከሜዳው የመጀመሪያው ፊሽካ ተሰማ። ልጅቷ ጆሮዋን በመዳፏ ከደነች። ዓይኗ ሲከደን አጣቢዋ በክርኗ ነካ ታደርጋታለች፤ አንድ ጊዜ የዘጠኝ ቁጥርን ስም፣ አንድ ጊዜ ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ትጠይቃታለች። ልጅቷ በንዴት ትመልሳለች፤ አጣቢዋም ንዴቷን እንደ መድኃኒት ትሰማዋለች።

«ለአሰልጣኙ ስትነግሪው ሰምቻለሁ» አለች ፌንጣ በመጨረሻ፣ ሳታያት። «ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ነግረሽ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

አጣቢዋ በሳሙና የተሰነጣጠቀ እጇን አገላብጣ አየችው። «አላውቅም» አለቻት። «የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ተጠሩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ልጅቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ በትንሽ መብራት ዓይኗን አየች፣ ከዚያ ደገመችና አየች። ከተጋጨሽ በኋላ አስመልሶሽ ያውቃል ብላ ጠየቀች። አጣቢዋ አፏን ከፈተች። ፌስታሉን ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ልጅቷ ግን ቀደመቻት።

«ሦስት ጊዜ» አለች ፌንጣ። «ዛሬ ጠዋትም። እማዬ ሳትነሳ ልብሴን አጥቤ ነው የወጣሁት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስልክ አነሳች፤ ትልቁ ሆስፒታል መኪና እንዲልክ በአጭሩ ተናገረች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ፍጥነቷ ግን ተለወጠ። አጣቢዋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የልጅቷን እጅ ፈለገች። እጇ ቀዝቅዟል። ፌንጣ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ጣቶቿን ግን አጥብቃ ጨበጠቻት፣ መኪናው እስኪመጣም አለቀቀቻትም።